«ይታየናል» ያለው ክፍል

አንዲት መምህርት ነበረች። በአንዲት አነስተኛ ከተማ ሦስተኛ ክፍል ታስተምራለች። ስሟን አልነግራችሁም፤ ልጆቹም ቢሆኑ በስሟ ጠርተዋት አያውቁም። «ቲቸር» ነው የሚሏት። ሃምሳ ናቸው፤ ሁሉም በአንድ አፍ «ቲቸር!» ሲሉ የመስኮቱ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል።

ለመሆኑ ሦስተኛ ክፍል ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ድሮ፣ ተማሪ ሳላችሁ ማለቴ አይደለም። አሁን፣ በዚህ ዕድሜያችሁ። ካልገባችሁ አንድ ጠዋት አስፈቅዳችሁ ግቡ። ሰው ያለ ምንም ምክንያት እንዴት ደስ እንደሚለው ታያላችሁ።

የአንድ ቀን ጠዋት ልንገራችሁ። እንደ ሌላው ቀን ያለ ጠዋት ነው። በግቢው ዛፍ ላይ የተንጠለጠለው የመኪና ቸርኬ ተደወለ። ልጆቹ ተሰለፉ፤ መዝሙር ተዘመረ፤ ጥፍር ታየ፤ ጥፍሩን ያልቆረጠው እጁን ኪሱ ከተተ። ወደ ክፍል ገቡ።

«እንደምን አደራችሁ?»

«እግዚ-አብሔር ይመስ-ገን!»

«ተቀመጡ።»

«እና-መሰግ-ናለን!»

ስም ተጠራ። «አቤት!» «አቤት!» «አቤት!» ናሆም የሚባለው ልጅ በራሱ ስም «አቤት» አለ፤ ጥቂት ቆይቶ በጓደኛው ስምም «አቤት» አለ።

«ናሆም፣ አንተ ስንት ሰው ነህ?»

«ቲቸር፣ እሱ እኮ እየመጣ ነው። አጥሩ ጋ ጫማውን ሲያስር አይቼዋለሁ።»

ክፍሉ ሳቀ። መምህርቷም ወደ ሰሌዳው ዞር ብላ ሳቀች፤ መምህር ሲስቅ ፊቱን ለሰሌዳው ይሰጣል።

ነገር ግን የዚያን ቀን በልቧ አንድ ጭንቀት ነበረባት። ሰልፉ ላይ ምክትል ርዕሰ መምህሩ አቶ ድንበሩ ጠጋ ብለው እንዲህ ብለዋት ነበር።

«የአዲሷን ልጅ ነገር ምን ወሰንሽ? ሁለተኛ ክፍል ቦታ አለ።»

«አቶ ድንበሩ፣ ትንሽ ቀን ይስጡኝ።»

«ካየሻት እኮ ወር አለፈ። ዛሬ ከመውጣታችን በፊት ቁርጡን ንገሪኝ፤ ነገ አባቷን እንጠራለን።»

«እሺ።»

አዲሷ ልጅ ብርክታዊት ትባላለች። አባቷ መንገድ ሥራ ላይ ነው፤ መንገዱ በሄደበት ይሄዳል፤ ልጁም አብራው ትሄዳለች። ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ስለ መጣች የተገኘላት ቦታ ከኋላ፣ በቀኝ በኩል፣ የመጨረሻው ዴስክ ጫፍ ነበር። ከዚያ ጀምሮ ደብተሯ ጉድ ነው። ግማሽ ቃል ትጽፋለች፤ አንድ መስመር ትዘላለች። «ሰሌዳው ላይ ያለውን አንብቢ» ስትባል ትቆማለች፤ ትንተባተባለች፤ ዝም ትላለች። «አልበሰለችም» ተባለ። ወደ ሁለተኛ ክፍል ልትወርድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። መምህርቷ ክፉ አይደለችም። አቶ ድንበሩም ክፉ አይደሉም። በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድም ክፉ ሰው የለም። ለዚህ ነው እኛን የሚመለከተን።

ልጅቷስ ታውቃለች? ታውቃለች። ትልልቆች የሚያንሾካሹኩትን ሕፃናት ይሰማሉ። የክፍሉ አለቃ ኤፍራታ፣ ማስመሪያዋን እንደ በትር ይዛ የምትዞረው ልጅ፣ በዚያው ጠዋት ልታጽናናት ሞክራለች።

«አይዞሽ፣ ሁለተኛ ክፍል ብትወርጂ እዚያ ረጅሟ አንቺ ነሽ። አለቃ ያደርጉሻል።»

«እኔ አለቃ መሆን አልፈልግም።»

«እንዴ! ማስመሪያ ይሰጡሻል እኮ!»

ብርክታዊት ደብተሯን አውጥታ ጉንጯን በደብተሩ ጋረደች። ሁልጊዜ ጠዋት ጠዋት እንዲህ ታደርጋለች። መምህርቷ አይታታለች፤ አፍራ መስሏታል።

ትምህርቱ ተጀመረ። መምህርቷ በጠመኔ ሰሌዳውን ሞላችው። እጇን አራገፈችና ዞረች።

«ይታያችኋል?»

«ይታየናል!»

«ከኋላ ያላችሁስ?»

«ይታየናል!»

«ገባችሁ?»

«ገባን!»

ይህን ድምፅ ታውቁታላችሁ። ሁላችንም በዚህ ድምፅ ውስጥ ነው ያደግነው። ያልታየውም ይታየኛል ይላል፤ ያልገባውም ገባኝ ይላል። ለምን? ብቻውን «አይታየኝም» የሚል ልጅ ቢኖር ሃምሳ ራስ ወደ እሱ ይዞራላ! ማን ይደፍራል? እናንተ ደፍራችሁ ታውቃላችሁ?

የዚያን ቀን የሚከለሰው ትምህርት አራቱ አቅጣጫዎች ነበር። ልጆቹ ይህን ትምህርት በዓመቱ መጀመሪያ ተምረውታል፤ ያን ጊዜ የነበሩት ግን በሌላ ክፍል ነው። የድሮው ክፍላቸው ጣሪያ በንፋስ ስለ ተገነጠለ ወደዚህኛው ተዛውረዋል። በድሮው ክፍል ሰሌዳው በፀሐይ መውጫ በኩል ነበር። መምህርቷም «ፊታችሁን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙሩ፤ ፊት ለፊታችሁ ምሥራቅ፣ ጀርባችሁ ምዕራብ፣ ቀኛችሁ ደቡብ፣ ግራችሁ ሰሜን» ብላ፣ በእጅ እያስጠቆመች፣ እያዘመረች አስተምራቸዋለች። በቃላቸው ይዘውታል። በእንቅልፍ ልባቸው ቢጠየቁ ይመልሱታል።

«ተነሡ! ምሥራቅ የት ነው?»

«ምሥራቅ!» ሃምሳ እጅ ወደ ሰሌዳው ተወረወረ። መምህርቷም ራሷ፣ ከልማድ፣ ወደ ሰሌዳው ጠቆመች።

«ምዕራብ!»

«ምዕራብ!» ሃምሳ አውራ ጣት ወደ ኋላ።

«ደቡብ!» ሃምሳ እጅ ወደ ቀኝ። ናሆም የጎረቤቱን ጆሮ መታ። «ይቅርታ፣ ደቡብ ላይ ቆመህ ነው!»

እንደ ስፖርት ሆነ፤ እንደ ጭፈራ ሆነ። መምህርቷም ደስ አላት። «በሉ እስኪ ደግሞ ከመጀመሪያው! ምሥራቅ!»

«ምሥራቅ!»

አንድ እጅ ግን ወደ ሰሌዳው አልሄደም። ከኋላ፣ ከቀኝ ጥግ፣ አንድ ቀጭን እጅ በግራ በኩል ወዳለው መስኮት ጠቁሟል።

ኤፍራታ አየችው። «ቲቸር! ቲቸር! ብርክታዊት ወደ መስኮት ጠቆመች!»

«መስኮት አቅጣጫ ሆነ እንዴ!» አለ ናሆም።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ክፋት አልነበረበትም፤ ግን ሳቅ ነው። ብርክታዊት እጇን አላወረደችም። ዓይኗ ግን ውኃ ሞላ።

መምህርቷ ‘እንግዲህ ለአቶ ድንበሩ የምነግራቸው ይኸው’ ብላ አሰበች። ምሥራቅን የማታውቅ ልጅ እንዴት ሦስተኛ ክፍል ትቆያለች? የሆነ ሆኖ በዴስኮቹ መሐል አልፋ ወደ ኋላ ሄደች።

«ብርክታዊት፣ የኔ እናት፣ ምሥራቅ የት ነው?»

ልጅቷ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ያንኑ መስኮት አሳየቻት።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ በምን አወቅሽ?»

«ፀሐይዋ በዚያ በኩል ነው የምትመጣው።»

«ፀሐይዋ?»

«ዓይኔ ውስጥ ነው የምትገባው፣ ቲቸር። ሁልጊዜ ጠዋት።»

መምህርቷ ቆማ ስታይ ምንም የለም። ስለዚህ ምን አደረገች? ተቀመጠች። በዚያች ጠባብ ዴስክ፣ ከልጅቷ ጎን፣ ጉልበቷ አልገባ እያለ ተጣጥፋ ተቀመጠች። ራሷንም ወደ ልጅቷ ራስ ዝቅ አደረገች።

ወዲያው ፀሐይዋ ዓይኗን መታቻት። ሰሌዳው ጠፋ! ያ ሁሉ በትልልቁ የጻፈችው ጽሑፍ የለም። በጨረሩ ውስጥ የሚንሳፈፍ የጠመኔ ብናኝና ነጭ ብርሃን ብቻ ነው ያለው። የራሷን እጅ ጽሑፍ ማንበብ አቃታት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሁሉም ‘ይታየናል’ ይላሉ። እኔ ብቻ ነኝ የማይታየኝ ብዬ።»

«እኔ ስጠይቅ አንቺ ምን ትዪ ነበር ታዲያ?»

ብርክታዊት አቀርቅራ፣ «ይታየናል» አለች።

ሰማችሁ? እሷም «ይታየናል» ትል ነበር። በዚያ ትልቅ ድምፅ ውስጥ የእሷም ድምፅ ነበረበት።

መምህርቷ ቀስ ብላ ከሰሌዳው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ሰሌዳው አየች። ከዚያ ደግሞ ሳቀች። በዚህ ጊዜ ፊቷን አላዞረችም። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ልጆቹ ግራ ገባቸው።

«ልጆች፣ ምሥራቅ የት ነው?»

«ምሥራቅ!» አሉ፤ ወደ ሰሌዳው።

«ፀሐይ የምትወጣው ከሰሌዳው ውስጥ ነው እንዴ?»

ሃምሳ እጅ በአየር ላይ እንደ ተንጠለጠለ ቀረ። ናሆም ብቻ፣ ሰሌዳውን ከልቡ ሲመረምር ቆይቶ፣ «ቲቸር፣ ደብቋት ይሆናል» አለ።

«ሁላችሁም ወደ ውጭ!»

እንዴት እንደ ወጡ አትጠይቁኝ። ከወፍጮ ቤቱ ጣሪያ በላይ ፀሐይዋ ደምቃ ቆማለች። ኤፍራታ ማስመሪያዋን ዘርግታ «ፊት ወደ ፀሐይ! ናሆም፣ ያ ፀሐይ አይደለም፣ የውኃ ታንከር ነው!» እያለች አሰለፈቻቸው። ፊት ለፊት ምሥራቅ። ጀርባ ምዕራብ። አሁን ትክክል ሆነ። መምህርቷም ከነሱ ጋር ቆማ እጇን ዘረጋች። «እኔም ተሳስቼ ነበር» አለቻቸው፤ ከሁሉም በላይ ደስ ያላቸው ይህ ነው።

ሲመለሱ ግን ሌላ ነገር መጣ። ኤፍራታ ወደ ብርክታዊት ቦታ ሄደች።

«ቲቸር፣ እኔም ቁጭ ብዬ ልየው?»

«እዪው።»

ተቀመጠች። ዓይኗን አጠበበች። ከዚያ ጮኸች። «አይታየኝም!»

«እኔም! እኔም ልየው!» ናሆም ገፍቶ ገባ። «ወይኔ! አይታየኝም!»

ተሰለፉ። ታምናላችሁ? የማይታየውን ቦታ ለማየት ወረፋ ያዙ። አንዱ ሲነሣ ሌላው ይቀመጣል። «አይታየኝም!» «ለኔም አይታየኝም!» «ቲቸር፣ ለኔ ጭራሽ አይታየኝም!» እየተሳሳቁ፣ እየተገፋፉ፣ በደስታ። ያ ቃል በዚያ ክፍል ውስጥ አንድም ቀን ጮክ ተብሎ ተነግሮ አያውቅም ነበር። ያን ቀን የበዓል ዘፈን ሆነ። ብርክታዊትም ከዴስኩ አጠገብ ቆማ እንደ ባለቤት ታስተናግዳቸዋለች። «ትንሽ ወደዚህ ጠጋ በል፣ እዚህ ጋ ነው በደንብ የማይታየው።» ከመጣች ጀምሮ እንዲህ ስታወራ የሰማት የለም።

ከዚያ መምህርቷ ቦታ ቀየረችላት። ጥላ ያለበት ቦታ ላይ አስቀመጠቻትና ሰሌዳውን አሳየቻት።

«አሁን ይታይሻል?»

ብርክታዊት አየች። አሁን ያየችው ከልቧ ነው። «ይታየኛል» አለች፤ ቆማም ከላይ እስከ ታች፣ አንድም መስመር ሳትዘል አነበበችው። ክፍሉ ሳይታዘዝ አጨበጨበ።

በመውጫ ሰዓት አቶ ድንበሩ በር ላይ ጠበቋት።

«እህ፣ ምን ወሰንሽ?»

«አትወርድም።»

«በአንድ ቀን ተሻሻለች?»

«እሷስ ደህና ነበረች። የጎደለን መጋረጃ ነው። ነገ ከቤት አሮጌ አንሶላ አመጣለሁ፤ ሚስማር ብቻ ያዘጋጁልኝ።»

ታሪኩ ይኸው ነው። አሁን ወደ እኛ ልምጣ።

ወገኖቼ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ፀሐይ የምትነካት አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። ብርሃኑ የበዛባት እሷ ነበረች፤ እኛ ግን «ጨለመባት» አልን። የሃምሳው ድምፅ ትልቅ ስለሆነ እውነት መሰለን። ድምፁ ሐሰት ነበር? አልነበረም። ለአርባ ዘጠኙ በእርግጥ ይታያቸዋል። ግን የአርባ ዘጠኙ እውነት አንዷን ሸፈናት።

ለጸሎት ስንቆም ፊታችንን ወደ ምሥራቅ እናዞራለን። መልካም ነው። ግን እጃችን ወዴት ይጠቁማል? ከድሮው ክፍል ወጥተን ስንት ዘመን ሆነን! ሕይወት ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ስታዛውረን፣ እኛ አሁንም ሰሌዳ ወዳለበት እየጠቆምን «ምሥራቅ!» እንላለን። አጥብቀን እንላለን። በዜማ እንላለን። ቀና ብሎ ፀሐይዋን ያየ ሰው ቢገኝ ደግሞ እንስቅበታለን።

ሰው ሲያገኘን «ደህና ናችሁ?» ይለናል። «ደህና ነን!» እንላለን። «ሰላም ናችሁ?» «ሰላም ነን!» በጉባኤ «አሜን?» ስንባል «አሜን!» እንላለን። የሚያምር ድምፅ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን በዚያ ድምፅ ውስጥ ስንት ሰው ደብተሩን በጉንጩ ላይ ይዞ ተቀምጧል?

አንዲት ሴት አውቃለሁ። ቤቷ ለቅሶ ሆኖ ሰው ሞልቶ ሳለ «በረታሽ?» ይሏት ነበር። «ተመስገን፣ በርትቻለሁ» ትል ነበር። ጠያቂዎቹ ደጎች ነበሩ፤ መልሱን ሰምተው ቀለል ብሏቸው ይሄዳሉ። ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ከሄደ በኋላ አንዲት ጎረቤት መጣች። ምንም አልጠየቀችም። አጠገቧ ተቀመጠች፤ ቢላ አንሥታ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች። ሁለቱም ብዙ ሰዓት ተቀመጡ። ከዚያ አንድ ነገር አወሩና ሳቁ፤ በዚያ ቤት ውስጥ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ሳቁ። በምን እንደ ሆነ አሁን ትዝ አይለኝም። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ጌታችን ሕዝብ ሲያጋፋው፣ ያ ሁሉ ሰው ሲከበው፣ በዚያ ግርግር መካከል ለአንዲት ሴት ቆሟል። ልብሱን የነካችው አንዲት ሴት ናት። ሰው ሁሉ ሲነካው ነበር እኮ! እሱ ግን ያቺን አንዷን ፈለጋት። ሕዝቡ ይበቃኛል አላለም።

እናንተስ? ስንቱን ከሰሌዳው አጠገብ ቆማችሁ ጠይቃችኋል? መምህርቷ ያን ሁሉ ጊዜ ስትጠይቅ ኖራለች። ጠይቃ አላወቀችም። ስትቆምም አላወቀችም። ያወቀችው ስትቀመጥ ነው። ደስታውም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሳቁ፣ ወረፋው፣ ጭብጨባው ሁሉ። ያ ደስታ ለአንዷ ብቻ አልሆነም፤ ሃምሳውም ምሥራቅን አገኙ።

እንግዲህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ በልባችሁ አንድ ቤት አለ። የማን ቤት እንደ ሆነ እኔ አላውቅም፤ እናንተ ታውቃላችሁ፤ አሁን እንኳ ስሙ መጥቶባችኋል። «ደህና ነኝ» ያለችውን ሴት፣ «ምንም አልሆንኩም» ያለውን ሰው ታውቁታላችሁ። ሂዱ። ነገ አትበሉ፤ ዛሬ፣ ሳይመሽ ሂዱ። ደጃፍ ላይ ቆማችሁ አትጠይቁ። ምን እንደምትሉም አትጨነቁ። ግቡ፤ ወንበሩ ቢጠብም፣ ጉልበታችሁ አልታጠፍ ቢልም፣ አጠገባቸው ተቀመጡ።